ሻምፓኝን የፈለሰፈው ዶም ፔሪኞን አይደለም

ሰላም ወገኖች። «ሻምፓኝን የፈለሰፈው ፈረንሳዊው መነኩሴ ዶም ፔሪኞን ነው፤ ሲቀምሰውም ‹ከዋክብት እየጠጣሁ ነው› አለ» የሚል ወሬ እዚህ ሲዞር አየሁ። ታሪኩ ያምራል፤ እውነት ግን አይደለም።

ፔሪኞን የኦቪሌ ገዳም የወይን ጠጅ ቤት ኃላፊ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1668 ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ክሪስቶፈር ሜሬት ግን ወይን ጠጅ ስኳር ሲጨመርበት አረፋማ እንደሚሆን የሚገልጽ ጽሑፍ ሮያል ሶሳይቲ ለተባለው የለንደን የሳይንስ ማኅበር ያቀረበው በ1662 ነበር። ማጣራት ለሚፈልግ ሁለቱን ዓመታት ማስተያየት ይበቃል።

እንዲያውም በዚያ ዘመን ገዳሙ ባለበት ሻምፓኝ በተባለው የፈረንሳይ አካባቢ፣ በወይን ጠጅ ውስጥ አረፋ እንደ ጉድለት ነበር የሚታየው። ጠርሙስ ያፈነዳል! (ገና ያልበሰለ ጠጅ አሽጎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል።) መነኩሴውም አረፋውን ለማስቀረት ነበር የሚለፋው። ተረቱ የተስፋፋው ከሞተ ከ100 ዓመት በኋላ ነው፤ በ1821 ዶም ግሮሳር የተባለ የዚያው ገዳም የቀድሞ መነኩሴ በጻፈው ደብዳቤ። የከዋክብቱ አባባል ደግሞ የማስታወቂያ ሥራ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ተረቱ የሰውየውን እውነተኛ ሙያ ይሸፍናል፦ ከተለያየ ማሳ የመጣ ወይን መርጦ ማዋሃድ።