አንደኛ ደረጃን የሚሸጥላችሁ የለም

«በአንድ ወር ውስጥ ድረ ገጻችሁን ጎግል ላይ አንደኛ እናወጣዋለን።» ይህን ማስታወቂያ ያላየ የድረ ገጽ ባለቤት ያለ አይመስለኝም። እኔ ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል። አንደኝነትን ማንም ዋስትና ሰጥቶ ሊሸጥ አይችልም። ጎግል ራሱ በመመሪያው ላይ በግልጽ ጽፎታል። ሻጮቹ ግን ዓይናቸውን በጨው አጥበው ይሸጣሉ።

ታዲያ ከፋዩ ምን ያገኛል? ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከሌላ ድረ ገጽ ወደ እሱ ገጽ የሚያመጣ የተገዛ ሊንክ ነው። የጎግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1998 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያቀረቡት ሐሳብ ቀላል ነበር፤ አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሊንክ ሲያደርግ እንደ ምርጫ ድምፅ ይቆጠር፣ ድምፅ ሰጪው ራሱ ብዙ ድምፅ ካለው ደግሞ የእሱ ይበልጥ ይክበድ የሚል። ግሩም ሐሳብ ነው። ድምፁ ዋጋ ማውጣቱ ሲታወቅ ግን የሊንክ ገበያው ደራ። ጎግልም በ2012 «ፔንግዊን» በተባለው ማሻሻያ ሊንክ የገዙ ብዙ ድረ ገጾችን ከደረጃቸው አወረዳቸው። ትልቅ ስምም አያድንም። በ2006 የቢኤምደብሊው የጀርመን ድረ ገጽ ገጾችን እየዞረ ለሚያነበው የጎግል ፕሮግራም (ለፍለጋ ሮቦቱ) አንድ ነገር፣ ለሰው ሌላ ነገር ሲያሳይ ተገኝቶ ከውጤቱ ተሰርዞ ነበር።

ቁልፍ ቃል፣ ማለትም ሰው ሲፈልግ የሚጽፈውን ቃል፣ መደጋገምም ያው ነው። በገጹ ኮድ ውስጥ የሚደረደሩትን የቁልፍ ቃላት ዝርዝር ጎግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት ያሳወቀው በ2009 ነው። ዛሬም በዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ አለ!

እስቲ ፈላጊውን እናስበው። ስልኩ ቻርጅ አላደርግ ብሎታል፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው። አንድ ገጽ ከፈተ። «ስልክ በዘመናችን እጅግ አስፈላጊ የመገናኛ መሣሪያ ነው» ይላል። ወረድ ሲል «ምርጥ የስልክ ጥገና»፣ አሁንም ወረድ ሲል «ምርጥ የስልክ ጥገና»። ዘግቶ ይሄዳል። አይፈረድበትም። ያው ገጽ ርዕሱ «ስልክ ቻርጅ አላደርግ ሲል መጀመሪያ የሚታዩ ነገሮች» ቢሆንስ? የመጀመሪያው አረፍተ ነገርም «ኬብሉን በሌላ ኬብል ቀይረው ይሞክሩ፤ ካልሠራ የቻርጀሩ መሰኪያ ውስጥ ብናኝ መኖሩን ይዩ» ቢልስ? ሰውየው የመጣበትን አገኘ። ጎግልም ገጹ ስለምን እንደሆነ አወቀ። ለእኔ ገጽን በፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ የማድረግ ሥራ ትልቁ ክፍል ይኸው ነው።

ቴክኒኩ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ጎግል የገጹ ዋና ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል። ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ ከባድ ፎቶ ይህን ያበላሻል፤ ፎቶውን ማሳነስ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከዚህ የባሰም አለ። ድረ ገጹ ሲሠራ ሮቦቶች ወደ ጎግል መዝገብ እንዳያስገቡት «ኖኢንዴክስ» የሚል ትእዛዝ ይገባበታል። ሥራው ሲያልቅ ማንሳቱ ይረሳል። ባለቤቱ ለሊንክ ይከፍላል፣ ገጹ ግን ከነጭራሹ መዝገብ ውስጥ የለም! ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ያዘጋጀውን ሰርች ኮንሶል የተባለ መሣሪያ ቢከፍት ችግሩን ያሳየው ነበር። እሱም በነጻ ነው።

ጥሩ ገጽ ሁሉ አንደኛ ይወጣል አልልም። ተፎካካሪ አለ፤ የለወጣችሁት ነገር ውጤት እስኪያሳይም ወራት ሊወስድ ይችላል። «በአንድ ወር» የሚለው ቃል ውሃ የማያነሳውም ለዚህ ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት በሺህ የሚቆጠር ገጽ አምርቶ መቸከልም አያዋጣም። ጎግል ደረጃ ለማግኘት ተብሎ በጅምላ የሚመረት ይዘትን ከ2024 ጀምሮ በአይፈለጌ ይዘት ደንቡ ከልክሏል።

ባለሙያ መቅጠር ከፈለጋችሁ ቅጠሩ፤ ጎበዞች አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ይህን ጠይቁ፦ «ከገጾቼ የትኛውን ትቀይራለህ? ምኑን? ለምን?» ጎበዙ ገጹን ከፍቶ ርዕሱን፣ ፎቶውን፣ የመጀመሪያውን አንቀጽ እያሳየ ያስረዳችኋል። «እሱን ለእኛ ተዉት» ብሎ ከመለሰላችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።