ቅጹ በጊዜው ተሞልቷል፤ ልጁስ?

በእንግሊዝ አገር ለተለያዩ ካውንስሎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) በአማርኛ አስተርጓሚነት መሥራት ከጀመርኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ብቻውን ባሕር ተሻግሮ የመጣ አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጉዳዩን ከምትከታተለው ከአዲሷ ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ) ጋር ሲተዋወቅ የጠየቀው ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «ይህችኛዋስ እስከ መቼ ናት?» አለ። በአሥር ወር ውስጥ አራተኛዋ ነበረች። ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩላት፤ ደንግጣ ዝም አለች። መልሱን እሷም አታውቀውም። የልጁ ፋይል ግን እንከን አልነበረበትም። ጉብኝቱ፣ ግምገማው፣ የጤና ምርመራው፣ ሁሉም በተባለው ቀን ተፈጽሟል። ካውንስሉ አፈጻጸሙን በሚከታተልበት ሠንጠረዥ ላይ የዚያ ልጅ ረድፍ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው።

ካውንስሎች ለሕፃናት የሚሰጡትን አገልግሎት የሚለኩበት መንገድ የመዝገብ ቤት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የሚለካው ነገር የሠራተኛውን ቀን ይወስናል፤ የሠራተኛው ቀን ደግሞ የልጁን ሕይወት። ይህች አገር ይህንን የተማረችው በሕፃናት ሞት ነው።

ከአይቮሪ ኮስት የመጣችውን ቪክቶሪያ ክሊምቢን ብዙዎቻችን እናስታውሳታለን። ወላጆቿ አውሮፓ ሄዳ ትማራለች ብለው ለአባቷ አክስት አደራ ሰጧት። ልጅን ለዘመድ አደራ መስጠት በእኛም ዘንድ የተለመደ ስለሆነ ታሪኳን በሰማሁ ቁጥር የማውቃቸው ልጆች ፊት ይመጣብኛል። በየካቲት 2000 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በስምንት ዓመቷ ለንደን ውስጥ ስትሞት በሰውነቷ ላይ 128 ጉዳቶች ተቆጠሩ። የአራት ካውንስሎች ማኅበራዊ አገልግሎት፣ ሁለት ሆስፒታሎችና ፖሊስ ስለ እሷ ያውቁ ነበር። ሎርድ ላሚንግ በ2003 ባወጡት የምርመራ ሪፖርት ልጅቷን ማዳን ይቻል የነበረባቸውን 12 አጋጣሚዎች ዘረዘሩ። ጉዳይዋን የያዘችው የመጨረሻዋ ሶሻል ወርከር ያየቻት አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ ጊዜው አንድ ላይ ቢደመር ሠላሳ ደቂቃ አይሞላም። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዋን ልጅ ለብቻዋ አስቀምጦ፣ በቋንቋዋ፣ ረጋ ብሎ «ምን ሆነሻል?» ያላት የለም ማለት ይቻላል። እንደ አስተርጓሚ ይህ ነገር ይከነክነኛል።

ቪክቶሪያ ከሞተች በኋላ ሕግ ወጣ፤ ኃላፊዎች ተሾሙ፤ መለኪያዎችም በዙ። የመጀመሪያ ግምገማ በሰባት የሥራ ቀናት፣ ጥልቁ ግምገማ በ35 የሥራ ቀናት ይጠናቀቅ ተባለ። ሁሉም ነገር ወደ ኮምፒውተር ገባ። በነሐሴ 2007 ግን ቪክቶሪያ በሞተችበት ጊዜ ጉዳይዋን ይዞ በነበረው በዚያው በሃሪንጌ የተባለ የለንደን ካውንስል ፒተር የተባለ የ17 ወር ሕፃን ሞተ። በስምንት ወር ውስጥ ባለሙያዎች ስልሳ ጊዜ ያህል አይተውታል። እጅግ የሚያሳዝነው፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍስቴድ በዚያው ዓመት ለሃሪንጌ የሕፃናት አገልግሎት «ጥሩ» የሚል ደረጃ ሰጥቶት ነበር። ደረጃው በአብዛኛው የተመሠረተው ካውንስሉ ራሱ በላከው መረጃ ላይ ነው። ጉዳዩ አገር ምድሩን ካናወጠ በኋላ በ2008 መጨረሻ ተቆጣጣሪዎች በአካል ገብተው ሲያዩት «ብቁ ያልሆነ» ብለው ፈረጁት።

ፕሮፌሰር አይሊን ሙንሮ መንግሥት ባዘዘው ጥናት በ2011 ያስቀመጡት ድምዳሜ ዛሬም ትክክል ይመስለኛል፦ ሠራተኛው ሥርዓቱን መፈጸሙን እንጂ ልጁ ርዳታ ማግኘቱን የሚጠይቅ አልነበረም። የጊዜ ገደቡ ላላ፤ ሁለቱ ግምገማዎች ተጠቃለው በ45 የሥራ ቀናት የሚያልቅ አንድ ግምገማ ሆኑ። ኦፍስቴድም አሁን የሰነድ ቁጥር ብቻ አያይም፤ የተወሰኑ ልጆችን ፋይል መርጦ ይመረምራል፤ ሠራተኞችን፣ ወላጆችንና ልጆችን ያነጋግራል።

ይህ ማለት ቁጥር አያስፈልግም ማለት አይደለም። ያልተቆጠረ ልጅ ምን እንደሚገጥመው አይተናል። ከ2021 ጀምሮ ብቻቸውን የመጡ ስደተኛ ልጆች ካውንስል አልረከባቸው ብሎ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በሆቴሎች አስቀመጣቸው። በጥር 2023 መንግሥት ለፓርላማ ሲያስረዳ 200 ያህሉ ጠፍተው አልተገኙም ነበር። ፍርድ ቤት አሠራሩን ሕገ ወጥ ያለው በዚያው ዓመት ሐምሌ ነው። እነዚያ ልጆች በየትኛውም ካውንስል እጅ ስላልነበሩ በማንም ሠንጠረዥ ላይ ቀይ ሆነው አልታዩም።

እንግዲህ ምን ይቆጠር? እኔን ያሳመነኝ የሊድስ ከተማ ነው። ካውንስሉ በ2010 አካባቢ «ብቁ ያልሆነ» ከተባሉት አንዱ ነበር። አዲሶቹ ኃላፊዎች መቶ መለኪያ ይዘው አልተነሡም፤ ሦስት ነገር ብቻ መርጠው ከተማውን ሁሉ በዚያ ወጠሩት፦ ከወላጆቻቸው ተለይተው በመንግሥት እጅ የሚያድጉ ልጆች እንዲቀንሱ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ፣ ወጣቶችም ያለ ትምህርትና ያለ ሥራ እንዳይቀመጡ። ስለ እያንዳንዱ ሥራ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ ነበር፦ ምን ያህል ሠራን? እንዴት ሠራን? የተሻለ ኑሮ ያገኘ ሰው አለ? ካውንስል ሁሉ የመጀመሪያውን ጥያቄ በደንብ ይመልሳል፤ ሊድስ ሦስተኛውን ጥያቄ ሳይመልስ ከስብሰባ ላለመነሣት ወሰነ።

ዘዴው ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአንድ ልጅ ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት ከመወሰዱ በፊት አያቱ፣ አጎቱ፣ ጎረቤቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የመስጊዱ ሰው ተሰብስበው ራሳቸው ዕቅድ እንዲያወጡ ዕድል ይሰጣቸዋል። መነሻው የኒውዚላንድ ማኦሪዎች ባህል ነው፤ እኛ የቤተ ዘመድ ጉባኤ የምንለው ነው። ሊድስ በ2015 «ጥሩ»፣ በ2018 ደግሞ «እጅግ የላቀ» ተባለ። በመላ እንግሊዝ በመንግሥት እጅ ያሉ ልጆች ቁጥር ሲጨምር በዚያ ከተማ ቀነሰ። እርግጥ ይህ ቁጥርም ብቻውን አደገኛ ነው፤ ቁጥር ለመቀነስ ሲባል አደጋ ላይ ያለን ልጅ ቤቱ መተው ይቻላልና። ለዚህ ነው ከቁጥሩ ጎን ሁልጊዜ የልጁ ድምፅ መኖር ያለበት።

በ2024 በእንግሊዝ በመንግሥት እጅ የሚያድጉ ልጆች ከ80,000 በላይ ነበሩ፤ ከእነዚህ ከ7,000 የሚበልጡት ብቻቸውን የመጡ ስደተኞች ሲሆኑ የእኛም አገር ልጆች ነበሩባቸው። እኔ ብጠየቅ ልጁ ራሱ ልብ የሚለው ነገር ይቆጠር እላለሁ። በዓመት ስንት ሶሻል ወርከር ተቀያየረበት? ስንት ቤት ቀየረ? ወላጅ ወይም አሳዳጊ በሌለበት፣ በራሱ ቋንቋ፣ ዘመድ ባልሆነ አስተርጓሚ አነጋግረውታል? የመጨረሻው ጥያቄ በብዙ ፋይል ላይ ቦታ እንኳን የለውም። የአሥር ዓመት ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም፣ ስለ ራሱ መደብደብ የተጠየቀውን ጥያቄ እንዴት አድርጎ እንደሚያልፈው በዓይኔ አይቻለሁ።

ሠራተኛ ይለዋወጣል የሚባለው በበጀት እጥረትና በሥራ ብዛት ነው፤ እውነት ነው። በ2024 በካውንስሎች ከስድስት የሕፃናት ሶሻል ወርከር መደቦች አንዱ ያህል ክፍት ነበር። ሆኖም ያልተለካ ነገር በጀትም አያገኝም። «አራት ሰው ተቀያይሮበታል» የሚለው ቁጥር በምክር ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በየወሩ ቢቀመጥ፣ ሠራተኛን ማቆየት የዋና ኃላፊው የመጀመሪያ ሥራ ይሆናል።

ለእኛ ማኅበረሰብም አንድ ቃል አለኝ። «ሶሻል ልጅ ይነጥቃል» በሚል ፍርሃት በር መዝጋት ልጆቻችንን አልጠበቀልንም። ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ወላጆችን እናነጋግር ይላሉ፤ እንሂድ፤ በአማርኛም ቢሆን አስተርጓሚ ጠይቀን እንናገር። የምክር ቤት ተመራጮች በኃላፊነታቸው ሥር ላሉት ልጆች እንደ ወላጅ የማሰብ ግዴታ በሕግ ተጥሎባቸዋል። ወላጅ የሆነ ሰው ልጁ ከማን ጋር እንዳለ ያውቃል። እኔ ለምኖርበት አካባቢ ተመራጭ ደብዳቤ ጽፌአለሁ። የጠየቅሁት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ በእናንተ እጅ ያለ ልጅ ባለፈው ዓመት በአማካይ ስንት ሶሻል ወርከር ተቀያየረበት?