ሌይኮክን ከነሰዎቿ ተዉአት

አንድ የጉዞ አዘጋጅ ስለ ሌይኮክ የሠራው የአማርኛ ቪዲዮ ባለፈው ሳምንት ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ዊልትሸር ውስጥ ያለችውን ይህችን የእንግሊዝ የገጠር መንደር አሞግሶ ሲያበቃ፣ ነዋሪዎቹ ወጥተው ሙሉ በሙሉ ሙዚየም ብትሆን ይሻላል አለ። ምክንያቱ? በየደጁ የቆመው መኪና ፎቶ ያበላሻል!

ለፎቶ ሲባል ሰው ከቤቱ ይውጣ? መኪናው እኮ አስቤዛ የሚጫንበት፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚደርስበት ነው። ሌይኮክን ሦስት ጊዜ አይቻታለሁ። ዓይኔ ላይ የቀረው በእንጨትና በጭቃ የተሠራ አንድ የዘመመ ቤት ነው፤ ደጃፉ ላይ ጭቃ የነካው የሕፃን ቦቲ ተቀምጧል። ያ ቦቲ ከተነሣ የሚተርፈን የፊልም መሥሪያ ግድግዳ ነው።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ዘመን መንደሯን ምን አቆያት? በመንደሯ ያለውን የሴቶች ገዳም የሳልዝበሪዋ እመቤት ኤላ እ.ኤ.አ. በ1232 መሠረተችው። በ1539 የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሲዘጋው ዊልያም ሻሪንግተን የተባለ ሰው ገዛና የገዳሙን ቤተ ክርስቲያን አፈረሰ። ሴት መነኮሳቱ ይመላለሱበት የነበረውን ባለቅስት መተላለፊያ ግን ከመኖሪያ ቤቱ ጋር አዋሕዶ ኖረበት። የተኖረበት ቆመ፤ ያልተኖረበት ፈረሰ። በዚያው ቤት የኖረው የፎቶግራፍ ፈር ቀዳጅ ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1835 የገዛ ቤቱን መስኮት ፎቶ አነሣ፤ እስከ ዛሬ ከተረፉት የፎቶ ኔጌቲቮች (ፎቶ የሚባዛባቸው መነሻ ምስሎች) ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ሰው ፎቶ ያበላሻል ለሚሉን፣ ያ ፎቶ የተነሣው ሰው ከሚኖርበት ቤት ነው!

የመንደሯ ቤተ ክርስቲያን፣ የቅዱስ ሲሪያክ፣ የብር ዋንጫም እንዲሁ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለገበታ የተሠራ መጠጫ ነበር። እኩዮቹ አብዛኞቹ ቀልጠው ሲጠፉ እሱ የተረፈው፣ ጽዋ ሆኖ 400 ዓመት ያህል ስለተቆረበበት ነው። በ2013 ለብሪቲሽ ሙዚየምና ለዊልትሸር ሙዚየም በ1.3 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። ገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያኑ እንደሚያስፈልግ ይገባኛል፤ ያም ሆኖ መስታወት ውስጥ ሳየው ሆዴ ይባባል። የቪዲዮው ሰውዬ ደግሞ መንደሯን በሙሉ እዚያ መስታወት ውስጥ ሊከታት ነው።

በበጋ ቅዳሜ መንገዶቿ እንደሚጨናነቁ አልክድም። የሚያጨናንቃት ግን ጎብኚው ነው፤ እኛው! እኛ መኪናችንን ከመንደሩ ውጭ አቁመን በእግራችን እንግባ።

የመንደሯ ባለቤት የነበረችው ማቲልዳ ታልቦት በ1944 መንደሯን ቅርስ ለሚጠብቀው ድርጅት ለናሽናል ትረስት ስትሰጥ ሰው ይኖርባት ነበር፤ ዛሬም ተከራዮች ይኖሩባታል፤ ልጆች እዚያው ይማራሉ። ቪዲዮውን የሠራው ወንድማችን ነዋሪዎቹ ይውጡ ያለባትን ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቆርጦ ያውጣት።