ሽንኩርት በሶፍት ላይ ነው እንዴ የሚበቅለው?

አሁን ከዘር ሱቁ መመለሴ ነው። ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለምጽፍ የፊደል ስህተት ካለ እለፉኝ።

ከኩሽናው ጀርባ አትክልት የምዘራባት ቦታ አለችኝ። ሦስት ቅዳሜ ፈጀችብኝ። አፈሩ መረሬ ነው። በበጋ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ዶማው ድንጋይ የመታ ያህል ይጮኻል። ዝናብ ከጠገበ ደግሞ እንደ ሊጥ እግር ይዞ አይለቅም። መሃል ላይ ያለችውን አጭር ጊዜ መሻማት ነው። ቆፈርኩ፤ ጓሉን በዶማ ጀርባ አደቀቅኩ፤ ፍግ ቀላቀልኩ። ፍጉንም ከጥቅምት ጀምሮ ሸፍኜ ነው ያበሰልኩት፤ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል። ለበልግ ዝናብ መደቤ ተዘጋጅታ ትጠብቅ ብዬ ነው ይሄ ሁሉ።

ከዚያ ዘር ገዛሁ። ሽንኩርት፣ ቆስጣ፣ ካሮት። የሽንኩርቱ እሽግ ላይ ቀኑ ያለበት ቦታ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበታል። ጠረጠርኩ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ያልፈተነውን ዘር አፈር አያስነካም ነበር። 20 ፍሬ ቆጥሬ እርጥብ ሶፍት ላይ በተንኩ። አጥፌ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ፍሪጅ አናት ላይ አስቀመጥኩ፤ እዚያ ይሞቃል። 12 ቀን ጠበቅኩ።

ሦስት! ከ20 ሦስት! እነሱም እንደ ነጭ ክር ቀጥነው ጎበጥ ብለዋል። የቀረው ጥቁር እንደሆነ፣ ልክ እንደ ባሩድ ሶፍቱ ላይ ተበትኖ ቀረ።

ሶፍቱን እንዳለ ይዤ ዘሩን ወደሸጠልኝ ባለሱቅ ሄድኩ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ዘር አይበቅልም።»

በሁለት ጣቱ አንስቶ ለሰው አሳየ። «እህቴ፣ ሽንኩርት በሶፍት ላይ ነው እንዴ የሚበቅለው?»

ሱቁ በሳቅ ፈነዳ። ስድስት ሰው ነበር፤ ቆጥሬያቸዋለሁ።

«ቀኑ አልፎበታል እኮ ነው የምልህ።»

«ዘር ደግሞ ቀን ያልፍበታል? መድኃኒት ነው?»

ዘር ሸጦ የሚያድር ሰው ነው ይሄን የሚለው! የሽንኩርት ዘር ቶሎ ከሚሞቱት ውስጥ ነው። ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት። የጎመን ዘር ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ አራት ዓመትም ይቆያል፤ ሽንኩርት ግን አይችልም። ይሄን ልነግረው አፌን ስከፍት ከኋላዬ የቆመ ሰውዬ «እትዬ፣ ገበያው ሞልቶ አንድ ኪሎ ገዝተሽ አትገላገይም?» አለኝ። ማን ጠየቀህ? ባለሱቁም ልብ አግኝቶ «ለሦስት እሽግ ነው ይሄ ሁሉ? በኪሎ የሚወስዱትም እንዲህ አላሉኝ» ብሎ ጨረሰው።

አያችሁ? ለሦስት እሽግ! እዚህ ላይ ነው ያረረኝ። በኪሎ ለሚገዛው እንዲህ ያለ ዘር አይሰጥም፤ ያ ሰው ነገ መኪና ሙሉ ሰው ይዞ ይመጣበታል። የሞተው ዘር የሚሸጠው ለእኔና ለመሰሎቼ ነው፤ የጓሮ ሰው ምን ያመጣል ተብሎ።

ሁሌም እንዲህ ነው። አምና ባለጋሪው ጥቁር አፈር ብሎ ካመጣልኝ ስድስት ጆንያ ግማሹ የብሎኬት ስብርባሪ ነበር። ሚስማር ሳይቀር ለቅሜበታለሁ። ሲሄድ እንኳን ዞር ብሎ አላየኝም። የቀድሞው አከራያችንማ ድንቹ አብቦ እያለ ሊሾ አስደፋበት። «ግቢው ንጹህ እንዲሆን ነው» አለኝ። ያ ነጭ አበባ ሲሚንቶ ውስጥ ሲገባ ቆሜ አይቻለሁ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ሆዴ ይላወሳል። ውሃውንማ ተዉት፤ በፈረቃ ነው፣ እሱም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። ተነስቼ በባልዲ እቀዳለሁ፤ ለምጄዋለሁ። አልከፋኝም።

ይሄኛው ግን ጊዜዬን ነው የወሰደብኝ። ሽንኩርት መደብ ላይ ሁለት ወር ገደማ ካልቆየ አይዛወርም። አሁን ካልዘራሁ ችግኙ ለማዛወር የሚደርሰው የክረምቱ ዝናብ ሲወርድ ነው፤ ያኔ ይበሰብሳል። 12 ቀን ሄደ። ሌላ ዘር ፈልጌ ብፈትን ሌላ 12 ቀን። ገንዘቡንም አልመለሰልኝም። ደክሞኝ ወጣሁ።

ትናንት ማታ ዘነበ። በመስኮት አየሁት። መደቧ ባዶዋን ውሃ ጠጣች።

እባካችሁ፣ የዘንድሮ የሽንኩርት ዘር የት እንዳለ የምታውቁ፣ ወይ ከጓሯችሁ የጉራጌ ጎመን ዘር የለቀማችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አንድ ማንኪያ ይበቃኛል። ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ።