ምንም የሚባል በሽታ

ታምሜአለሁ። ምን እንደያዘኝ ግን አትጠይቁኝ። ደሜን ወስደው አይተውታል። ሽንቴን አይተውታል። ራጅ ተነስቻለሁ፣ አልትራሳውንድ ታይቻለሁ፣ እዚያ እንደ ዋሻ ጠቦ እንደ ወፍጮ በሚጮኸው ኤምአርአይ ውስጥም ተጋድሜ ወጥቻለሁ። መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ «ምንም የለብህም።»

መጀመሪያ ሰሞን ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ዓመት ሲያልፈኝ ግን ነገሩ ተገለጠልኝ። ለካ የያዘኝ በሽታ ስሙ «ምንም» ነው። ሌሊቱን ድንጋይ ሲሸከም እንዳደረ ሰው አድክሞ የሚያስነሳኝ ምንም ነው። ጣቶቼን የሚያደነዝዘኝ ምንም ነው። የጀመርኩትን ወሬ መሀል ላይ የሚያስረሳኝም ይኸው ምንም ነው። እንዲህ የሚያደርግ ምንም አይቼ አላውቅም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እኔ የደበቅኩት የለም። ለነርሷ ተናግሬአለሁ። ለጥበቃው ተናግሬአለሁ። ወረፋ ይዞ አጠገቤ ለተቀመጠ ሁሉ፣ ሳይጠይቀኝ፣ ከነዝርዝሩ ተናግሬአለሁ። የተደበቀው በሽታው ነው።

የሚደበቀው ደግሞ ቀን ለይቶ ነው። አንድ ጊዜ ለአራት ወር ተቀጠርኩ። አራቱን ወር ጉልበቴ ሲያብጥ፣ ራሴን ሲያዞረኝ፣ ሌሊት ሲያልበኝ ከረመ። የቀጠሮዬ ቀን ጠዋት እንደ ሰንጋ ሆኜ ተነሳሁ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ። በጤንነቴ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ተራዬ እስኪደርስ ጉልበቴን በእጄ እያሸሁ «እባክህ ለዛሬ ብቻ፣ ትንሽ እንኳን እበጥልኝ» ብዬ ለመንኩት። ወይ ፍንክች! ተመርምሬ፣ ምንም የለብህም ተብዬ፣ ወጥቼ መንገዱን ሳልሻገር ማበጥ ጀመረ።

ሐኪም ፊት መቅረብም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በ1984 በአሜሪካ የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት፣ ሐኪሞች በሽተኛው ችግሩን መናገር ከጀመረ በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡት አሳይቷል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ቤቴ በስልኬ ሰዓት እየያዝኩ ተለማመድኩ። የአራት ወር ስቃይ በ18 ሰከንድ! ሰላምታው ብቻ አራት ሰከንድ በላብኝ፤ ቆረጥኩት። ድካሙን አስቀደምኩ፣ ላቡን ወደ መጨረሻ ገፋሁት። ቀኑ ሲደርስ ገብቼ «ዶክተር፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት...» ከማለቴ፣

«ጭንቀት አለብህ?» አሉኝ።

እዚህ መምጣት ከመጀመሬ በፊት አልነበረብኝም። ይህን ለማለት ግን ሰከንዴ አልቆ ነበር።

ስለ ላቦራቶሪ ውጤት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወረቀቱ ላይ ከቁጥሩ ጎን «የጤነኛ ሰው መጠን» ተብሎ የሚጻፈው፣ ብዙውን ጊዜ ከ100 ጤነኛ ሰዎች 95ቱ የሚገኙበት ልክ ነው። የቀሩት አምስቱ ጤነኛ ሆነው ሳለ ከልኩ ውጭ ናቸው። እንግዲህ አንድ ጤነኛ ሰው እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎች ቢያደርግ፣ ቢያንስ አንዱ ከልክ ወጥቶ የመገኘት ዕድሉ 64 በመቶ ያህል ነው። እኔ ከ20 በላይ ተመርምሬ አንዱም አልወጣም። ጤነኛ ሰው እንኳን እንደ እኔ ጤነኛ አይሆንም! ይህ ብቻውን ሊያስመረምረኝ ይገባ ነበር።

በእርግጥ ሐኪሞቹንም እረዳቸዋለሁ። ብርቅ የሚባሉት በሽታዎች ብቻ ከ6,000 በላይ ናቸው፤ ማን ችሎ በቃሉ ይይዛቸዋል? ኤምኤስ የሚባለውን የአንጎልና የነርቭ በሽታ የመሰለው ደግሞ፣ ሐኪሙ እርግጠኛ እንዲሆን፣ ብዙ ጊዜ በተለያየ ቦታና በተለያየ ጊዜ ነርቭን መንካቱ መታየት አለበት። በሽታው ራሱ ቀጠሮ ያበዛል ማለት ነው። የሕክምና ተማሪዎችም ገና ከጅምሩ «ኮቴ ስትሰሙ ፈረስ ነው በሉ እንጂ የሜዳ አህያ ነው አትበሉ» የሚል ምክር ይሰጣቸዋል። ከብርቁ በፊት የተለመደውን ጠርጥሩ ለማለት ነው። ምክሩ ደህና ነው። የሜዳ አህያ ሆኖ ለተገኘው ግን ምን ይጠቅመዋል? በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ያው አህያ ነው፤ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል!

ከሐኪም ይልቅ የሚከብደው ዘመድ ነው። ዘመድ ስም ይፈልጋል። ስም ያለው በሽታ ይጠየቃል፣ ይታዘንለታል። «ምን አሉህ?» ትለኛለች አክስቴ። «ምንም።» «እሰይ!» ትልና ስልኩን ትዘጋዋለች። ታምሞ እሰይ የተባለ ሰው ካለ እኔ ነኝ። መሥሪያ ቤትም ያው ነው። የሕመም ፈቃድ ወረቀቴ ላይ «ድካም» ተብሎ ተጻፈ። አለቃዬ አነበበውና «እኔም እኮ ደክሞኛል» አለኝ። እኔ የምለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታ መዝገብ እንኳን፣ ዐሥረኛው እትም፣ ምክንያቱ ላልታወቀ ሕመም አር69 የሚል ቁጥር ሰጥቶታል። ከአለቃዬ ይልቅ መዝገቡ አዘነልኝ።

ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዴ አግዳሚው ላይ ተቀምጫለሁ። ሁለት ዓመት አብሮኝ የተመላለሰ አንድ ደንበኛ አለ። ስሙን አላውቅም፣ ሕመሙን ግን እስከ ጥፍሩ አውቀዋለሁ። ከምርመራ ክፍሉ ወረቀት ከፍ አድርጎ እየሳቀ ወጣ።

«ተገኘልኝ!»

አግዳሚው በሙሉ ተነሳ። እንኳን ደስ ያለህ ያልነው እንደ ተመራቂ ነው። ስሙን ሊያነብልን ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ረጅም ነው፣ አልወጣለትም። ቅናት አንጀቴን በላኝ።

«መድኃኒት አለው አሉህ?» አልኩት።

«እሱን በሚቀጥለው ቀጠሮ ነው የሚነግሩኝ።»

«መቼ ነው?»

«ከአምስት ወር በኋላ።»

ጃኬቱን አንስቶ ሄደ። እኔም ቶሎ ብዬ እሱ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ግድግዳ መደገፊያ ያለው እሱ ብቻ ነው።