አዲስ ነርስ ሌሊት ብቻዋን አትመደብ

የሙያ ፈቃድ ካወጣች ገና ወር ያልሞላት ነርስ በአንድ የግል ክሊኒክ ሌሊቱን ብቻዋን ስትሠራ ማየት በአዲስ አበባ ዳርቻዎች ብርቅ አይደለም። በቱሉ ዲምቱ፣ በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ነዋሪ ሲያገኙ ክሊኒኮቹም በየመንገዱ ዳር ተከፍተዋል፤ በራቸው ላይ «24 ሰዓት እንሠራለን» ብለው ያልጻፉት ጥቂቶች ናቸው። ያ 24 ሰዓት ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ቀን ሐኪሙ አለ፣ ላቦራቶሪው አለ፣ ካርድ ክፍሉ ሰው አለው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የሚቀሩት ነርሷና ጥበቃው ናቸው። ሐኪሙ «ከጠራችሁኝ እመጣለሁ» ብሎ ስልክ ቁጥሩን ትቶ ሄዷል።

እኔ በከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ በነርስነት ስሠራ የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ለአዲስ ገቢዎች ሥራ የማሳየቱ ነገርም ብዙ ጊዜ እኔ ላይ ይወድቃል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አዲስ ፈቃድ ያወጣች ነርስ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ሌሊት ብቻዋን እንዳትመደብ የሚከለክል ደንብ ይውጣ። ምክርና አደራ ሰምተናል፤ አልሠራም። ቅጣት ያለው ደንብ ይሁን።

ፈተናው መች አነሰ የሚለኝ ይኖራል። አላነሰም። ለዲግሪ ተማሪዎች ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. ያስጀመረው የመውጫ ፈተና አለ፤ ከ100 ቢያንስ 50 ያላመጣ አያልፍም። ከእሱ ቀደም ብሎ ጤና ሚኒስቴር የጀመረው የብቃት ምዘና አለ። በደረጃ አራት ለሚወጡት ደግሞ ሁላችንም ሲኦሲ የምንለው ምዘና አለ፤ እሱስ የተግባር ክፍልም አለው። ልጆቹ ለእነዚህ ፈተናዎች እንቅልፍ አጥተው ያጠናሉ፤ የሚያልፉትም አውቀው ነው የሚያልፉት። ጥያቄዬ ዕውቀታቸው ላይ አይደለም።

መርፌ ተወግቶ አደገኛ አለርጂ ለተነሳበት ሰው በቅድሚያ የሚሰጠው መድኃኒት የቱ ነው? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተብሎ ሲጠየቁ ሁሉም አድሬናሊንን ይመርጣሉ። መጠኑንም ያውቃሉ፤ ለአዋቂ ግማሽ ሚሊ ግራም፣ በጭን ጡንቻ። ፈተናው የማይጠይቀው ሌላውን ነው። አድሬናሊኑ የትኛው መሳቢያ ውስጥ ነው? ቁልፉ ማን ዘንድ ነው? የአገልግሎት ጊዜው አላለፈም? አንቺ ታማሚውን ይዘሽ ሳለ ማን ያቀብልሻል?

እንበል ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ጎልማሳ ሴፍትሪያክሶን የተባለውን አንቲባዮቲክ በፌስታል ይዞ ይመጣል። ቀን ሐኪም አይቶት ጠዋትና ማታ የሚወጋው መርፌ አዝዞለታል፤ በየክሊኒኩ የዘወትር ሥራ ነው። ነርሷ ዱቄቱን በ10 ሚሊ ሊትር ውኃ ትበጠብጠዋለች። በደም ሥር ሲሰጥ ከሁለት እስከ አራት ደቂቃ ቀስ ተብሎ እንደሚገፋ ተምራለች። ውጭ ግን ሕፃን ያቀፈች እናት «ሲስተር፣ ኧረ ልጄ ነደደብኝ» እያለች በሩን ታንኳኳለች። በዚህ መሐል ሰውየው አንገቱን ማከክ ይጀምራል። «ሲስተር፣ ጉሮሮዬን አነቀኝ።» ልምድ ያላት ነርስ ይህን ስትሰማ መርፌውን ታቆማለች፣ ጥበቃውን በስሙ ትጠራለች፣ ሰውየውን አስተኝታ እግሩን ከፍ ታደርጋለች፣ አድሬናሊኑን ወግታ ነው ለሐኪሙ የምትደውለው። አዲሷ መጀመሪያ ትደውላለች። ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ደግማ ትደውላለች። የድንገተኛ መድኃኒት ሣጥኑ ተቆልፏል፤ ዕቃ እንዳይጠፋ ተብሎ ቁልፉ ከፋርማሲው ሠራተኛ ጋር ወደ ቤት ሄዷል። ይህችን ልጅ መቶ ጥያቄ ብትጠይቋት ዘጠናውን ትመልስላችኋለች።

ሌላም አለ። 1,000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በስምንት ሰዓት እንዲገባ ታዝዟል፤ መስጫው በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚያወርድ ነው። በደቂቃ ስንት ጠብታ? 42 ገደማ፤ የትኛዋም ጎበዝ ተማሪ በወረቀት ታሰላዋለች። እዚህ ግን ጠብታውን የሚቆጣጠር ማሽን የለም። ሰዓትሽን ይዘሽ በዓይንሽ ትቆጥሪያለሽ፤ ታማሚው ክንዱን ሲያጥፈው ይቆማል፤ ዞር ስትይ አስታማሚው ቶሎ ይለቅ ብሎ መቆጣጠሪያውን ይለቀዋል። ያንን አስታማሚ ሳይቆጡም ሳይለማመጡም አደብ ማስገዛት ምን ያህል እንደሚከብድ የሠራበት ያውቀዋል። በእኔ ግምት ደም ሥር ከማግኘት ይልቅ ይህ ይከብዳል። ወንዶቹማ ሌላ ጣጣ አለባቸው፤ አስታማሚው «ዶክተር» ብሎ ይጠራቸዋል፤ ነርስ ነኝ ቢሉም አይሰማም፣ ከዶክተር የሚጠበቀውን ሁሉ ይጠብቅባቸዋል።

ይህን ሁሉ የልምምዱ ጊዜ ሊያስተምር በተገባው ነበር። ተማሪዎቹ ከየኮሌጁ ወደ መንግሥት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ይላካሉ፤ በአንድ አልጋ ዙሪያ ስምንት ነጭ ጋዋን ይቆማል። የሽንት ቱቦውን (ካቴተር) የምታስገባው አንዷ ናት፤ ሰባቱ ያያሉ። የሠሩት ሥራ የሚመዘገብበትን ደብተር፣ ሎግ ቡኩን፣ የሚያስፈርሙት ግን ስምንቱም ናቸው። ፈራሚዋም ሥራ የበዛባት ነርስ ናት፤ የይድረስ ይድረስ ትፈርማለች።

ለሐኪሞች ይህ ክፍተት ታስቦበታል። የሕክምና ተማሪ ኢንተርን ሆኖ አንድ ዓመት ከበላዩ ባሉት ዓይን ሥር ይሠራል። ነርስ ግን ፈቃዷን ባወጣች ማግስት ኃላፊ ናት። ለከባድ መኪና ሹፌር እንኳ ረዳት ይሰጠዋል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን በለንደኑ የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ስትማር፣ የዘመኑ ሥርዓት ተማሪዋን እዚያው ዋርድ ውስጥ በአንጋፋ ነርስ ትእዛዝ ሥር ዓመታት የሚያሠራ ነበር። ያ ሥርዓት እንዳለ ይመለስ አልልም፤ ተማሪን በርካሽ የማሠራት ክፉ ጎንም ነበረው። አጠገብ የሚቆም ሰው የመኖሩ ነገር ግን አብሮ መጣሉ አይገባኝም።

የዳርቻው ኑሮ ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ከተማ መሐል ባለ ሆስፒታል ርክክብ በአልጋ በአልጋ እየተዞረ ይደረጋል፤ ወይም ሊደረግ ይቻላል። እዚህ የቀን ተረኛዋ ዓይኗ ሃይገር ላይ ነው። ከመሸ ሰልፉ ይረዝማል፣ ባጃጁ ዋጋውን ይጨምራል፣ መንገዱም ለብቻዋ ሴት አይመችም። ስለዚህ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በር ላይ «ሁለት ታማሚ አለሽ፣ አንዱ ደህና ነው» ብላ ትሄዳለች። ሁለተኛውስ? እሷን አልወቅስም፤ እኔም በዚያው ሃይገር ነው የምሄደው። ግን አዲሷ ልጅ ሌሊቷን የምትጀምረው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

ለምን እምቢ አትልም? የዓለም ጤና ድርጅት ለ1,000 ሰው 4.45 ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች ያስፈልጋሉ ይላል፤ አገራችን ከዚህ እጅግ በታች ናት። ነርስ እንዲህ ብርቅ በሆነበት አገር ነርስ መራጭ መሆን ነበረባት። የሆነው ተቃራኒው ነው። ሕዝቡ ነርስ ያስፈልገዋል፣ ደመወዝ ያለው የሥራ መደብ ግን የለም፤ ስለዚህ ተመራቂዋ «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ፍለጋ ሰሌዳ ለሰሌዳ ትዞራለች። የክሊኒኩ ባለቤት ይህን አሳምሮ ያውቃል። «ሌሊት ብቻዬን አልገባም» ካለች በር ላይ ሌላ ቆማለች። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ሲደርስ አገር ሁሉ ሰማ፤ ተገቢም ነበር። የአዲሷ ነርስ የሌሊት ብቸኝነት ግን የማንም ጥያቄ ሆኖ አላየሁም።

የገዛ ባልደረቦቼም ከነገሩ ነጻ አይደሉም። «እኛን ማን አስተማረን? ወድቀን ተነስተን ነው የለመድነው» የሚሉ አንጋፋዎች አሉ። የወደቅነው ግን እኛ ብቻ አልነበርንም፤ አልጋው ላይ ሰው ነበር። ይህን ስናገር ፊታቸውን የሚያጠቁሩብኝ አሉ፤ ይጥቆሩ።

ምን ይደረግ? እኔ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አላሰብኩም። ነባር ነርስ ፈቃዷን ስታድስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰዷን እንድታሳይ ትጠየቃለች፤ ነጥብ ይቆጠርባታል። ነጥብ ፍለጋ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከምትቀመጥ አንዲትን አዲስ ነርስ ስድስት ወር አጠገቧ አቁማ ብታሠራ፣ ያ ለምን አይቆጠርላትም? አዲሷም በሞዴል አሻንጉሊት ሳይሆን በታማሚ ላይ የሠራቻቸውን ጥቂት ወሳኝ ሥራዎች አንጋፋዋ ስሟን ጽፋ ትፈርምላት። የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሰዎችም ለምርመራ ሲመጡ ክፍል ከመለካትና የእጅ መታጠቢያ ከመቁጠር አልፈው የተረኛ ፕሮግራሙን ይጠይቁ፤ ሌሊት ማን ነበረች፣ ፈቃዷን መች አወጣች? ሣጥኑ ክፍት ነው ወይስ ቁልፉ ቤቱ ሄዷል? ደግሞም ደንቡ ከጤና ሚኒስቴር መውጣት አለበት። እዚህ ዳር ላይ መንገድ ስትሻገሩ አዲስ አበባ አልቆ ሸገር ከተማ ይጀምራል፤ ወዲህ ማዶ የከተማው፣ ወዲያ ማዶ የኦሮሚያ ክልል ተቆጣጣሪ ነው። አንዱ ቢጠብቅ ሌላው ቢላላ ባለቤቱ ክሊኒኩን ጥቂት ሜትር አሻግሮ ይከፍታል።

የባለቤቶቹን መልስ አውቀዋለሁ። የቤት ኪራዩ ናረ፣ ግብሩ ከበደ፣ ሌሊት የሚመጣው ታማሚ የሁለት ነርስ ደመወዝ አይሸፍንም። ውሸት አይደለም። ታዲያ ሁለት ማሳደር ያልቻለ ነባሯን ሌሊት፣ አዲሷን ቀን ይመድብ። ያም ካልሆነለት ሌሊት ይዝጋ። ክሊኒኩ ከተዘጋ ሰው የት ይሄዳል የሚለው ማስፈራሪያ አያሳምነኝም። አንድ እናት ልጇ ሲያንቀጠቅጠው በሩ ላይ «24 ሰዓት» የሚል ካላየች ወደ ጤና ጣቢያው ወይም ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ትሮጣለች፤ አለዚያም ወደ ቀይ መስቀል 907 ትደውላለች። ጽሑፉን ካየች ግን ገብታ ትጠብቃለች፤ ሐኪም የሚመጣላት ይመስላታል።