ናሙናው ፈላ፣ ወተቱ ጥሬውን ተሸጠ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። ቁጣዬም በአንድ ሰው ላይ ብቻ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወተት አቅራቢ ለባክቴሪያ ምርመራ ናሙና አምጣ ተባለ። ጥቂት ወተት ለብቻው አፈላ፣ አቀዘቀዘና በጠርሙስ ሞልቶ ለላቦራቶሪው ሰጠ። የቀረውን ጥሬውን ሸጠ። ባለሙያዋ እንደ ደንቡ ናሙናውን አቅጥና አጋር ከሚባል ባክቴሪያ ማብቀያ ጋር ሳህን ላይ አፈሰሰችው። በ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ48 ሰዓት አቆየችው። ስታየው ሳህኑ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሌላ ሰው ቢሆን «አልፏል» ብሎ ይፈርም ነበር። እሷ ግን ተጠራጠረች። ጥሬ ወተት እንዲህ ንጹሕ አይሆንም። ላሟ ጤነኛ ብትሆን፣ አላቢው እጁን ቢታጠብ እንኳ ከጡቷ ጫፍና ከዕቃው ጥቂት ባክቴሪያ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ሌላ ምርመራ ጨመረች። ጥሬ ወተት ውስጥ ፎስፋቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ወተቱ ሲፈላ ይጠፋል። እሷ በተጠቀመችበት መፈተሻ ጥሬ ወተት ቢጫ ቀለም ያወጣል። ያ ናሙና ግን ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሰውየው ተያዘ።

እኔን ይቅር ማለት ያቃተኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ወሬው ሲሰማ ሰው ሳቀ። «አራዳ ነው!» አሉት። እሷን ደግሞ «ምን ታካብዳለች? ሰው ሠርቶ አይብላ?» አሏት። ይህን የሚሉት ወተቱን የሚገዙት፣ ለልጆቻቸው የሚያጠጡት ሰዎች ናቸው።

ምን ነካን? ሳልሞኔላ ወይም ብሩሴላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ያለበት ወተት ብዙ ጊዜ አይሸትም፣ ጣዕሙም አይለወጥም። ሊስቴሪያ የሚባለው ሌላው ባክቴሪያ ነፍሰ ጡርን ጽንስ ሊያስወርዳት ይችላል። ይህን በዓይናችን አናይም። የሚያይልን ላቦራቶሪው ነው፤ እሱ ሲታለል እንስቃለን።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሰውየው ማወቁ ነው። እሳት ጀርም እንደሚገድል አሳምሮ ያውቃል። ወተትን ፓስቸራይዝ ለማድረግ፣ ማለትም አሙቆ ጀርሙን ለመግደል፣ 72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ በቂ ነው። ለአንዲት ጠርሙስ ያን ያህል የተጨነቀ ሰው ለሕፃናቱ ሳይጨነቅ ቀረ። እኛስ? እኛም «ተመርምሯል» ሲሉን ማን ቀዳው፣ ከየት ተቀዳ ብለን ጠይቀን አናውቅም።

እባካችሁ ናሙናውን ሻጩ አይቅዳ። ሌላ ሰው፣ ወተቱን በደንብ አማስሎ፣ ጀርም በሌለበት ጠርሙስ ይቅዳው። እስከ ላቦራቶሪው ድረስ በበረዶ ይሂድ፤ ሙቀት ካገኙ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በ20 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናሉ፣ ያኔ ደግሞ ንጹሑም ወተት ያለ ጥፋቱ ይወድቃል።

ይህን ስል እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ። ደክሞኛል። ቢሆንም ገዢዎች ውጤቱን ጠይቁ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ያባርሩታል፤ ሃያ ሰው ሲጠይቅ ግን ወረቀቱን ማውጣታቸው አይቀርም። ለጊዜው እሱም ይበቃኛል።